መኪናው ተጠርቶ ነው የሚገባው

ጠጋ በሉና ልንገራችሁ። ይህ የመኪና ነገር ወልቂጤ ላይ ስብሰባ ሲጠራ አይነሳም፤ ከስብሰባው በኋላ ሻይ ቤት ሲገባ ግን ሁሉም ያወራዋል። የዱር አራዊት ምድር ስለመጠበቅ ሲነሳ የሰው ዓይን የሚያርፈው ጠመንጃ ላይ ነው። ባለጠመንጃ ግን አንዲት ድኩላ ለመግደል ሌሊቱን ይሄዳል፤ ሥጋውንም በጀርባው ተሸክሞ ይወጣል። አንድ አይሱዙ የገባበትን ጫካ ጥላውን ጭኖ ይወጣል። ጥላው ከሄደ ድኩላውም አብሮ ይሄዳል። ጎማው በከፈተው መንገድ በነጋታው ሞተር ሳይክል ይገባል፤ ከሞተሩ በኋላ ወጥመድ የሚያጠምደው፤ ከእሱ በኋላ ባለጠመንጃው፣ አሁን ያለ ድካም። ከፓርክ ጠባቂዎቹ ከስካውቶች ጋር በጊቤ ቆላ ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምድሪቱን የጨረሰው ጥይት ሳይሆን ጎማ መሆኑን አይቻለሁ።

ቦታው ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው አስፋልት ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ወንዝ ሲወርድ የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክን ይነካል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተከለለ ፓርክ ነው፤ ጉማሬና አዞ በወንዙ፣ አጋዘን፣ ከርከሮ፣ ድኩላና ጉሬዛ በግራሩና በአባሎው ውስጥ ይኖሩበታል። የውጭ አዳኝ ዶላር ከፍሎ የሚገባባቸው የአደን ቀበሌዎች ስማቸው የሚጠራው በአርሲ፣ በባሌ፣ በአፋርና በኦሞ በኩል ነው። የእኛ ቆላ ግን ቀድሞ አባቶች ሲያድኑበት የኖሩት፣ ዛሬ አደን የተከለከለበት ምድር ነው። አጥር የለውም። ሊኖረውም አይችልም።

በሌላው ዓለም የአደን መሬት ባለቤት በሩን በብረት ይዘጋል፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይሰቅላል፣ ዛፍ ላይ ካሜራ ያስራል። እኛ ዘንድ ግን መሬት፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 እንደሚለው፣ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የአገር አስፋልት ሊዘጋ አይችልም። የገበሬው የጋሪ መንገድም፣ ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበትም፣ ሬሳ የሚሸኝበትም አይዘጋም። ስለዚህ «በሩን ዝጉ» የሚል መመሪያ ሲመጣ እኛ እርስ በርስ እንተያይ ነበር። የትኛውን በር?

አሁን አገባቡን ልንገራችሁ፤ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ የሚያውቀውን።

በክረምት መኪና አይገባም። መረሬው ጎማውን ይውጠዋል፤ ክረምት ከማንኛችንም የተሻለ ጠባቂ ነው። አዝመራው ሲነሳና መሬቱ ሲደርቅ፣ ከኅዳር አንስቶ፣ የእኛ እንቅልፍ ያልቃል። የጭነት መኪናው ጫካ ገብቶ ዛፍ አይፈልግም፤ ነዳጁንም ጊዜውንም አያባክንም። ዛፉ ቀደም ብሎ ተቆርጧል፣ ከስሏል፣ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ ተሰፍቷል፤ ከመንገድ ዳር ሣር ለብሶ ተከምሯል። ሾፌሩ ከተማ ውስጥ፣ ወይ ወደ ጊቤ በሚወርደው መንገድ ዳር ሻይ እየጠጣ ስልክ ይጠብቃል። የሚደውለው ደላላ ነው። ደላላውን ደግሞ ከመንደሩ አንድ ልጅ ይነግረዋል፦ ስካውቶቹ በዚህ በኩል አለፉ፣ ኬላው ላይ ያለው እገሌ ነው፣ ኑ። ሞተር ቀድሞ መንገዱን ያያል። መኪናው መብራቱን አጥፍቶ ይገባል። ተሸካሚዎቹ ክምሩ ላይ ተቀምጠው ስለሚጠብቁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጭኖ ይወጣል።

እንግዲህ መኪናው ከውጭ የመጣ ሌባ አይደለም። ከውስጥ የጠራው አለ። ይህን ሳይረዱ ሰንሰለት የሚገዙ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ሰንሰለትም ሞክረን አይተናል። ሁለት ግንድ ተክለን ሰንሰለት ዘርግተን ቁልፍ አደረግንበት፤ ቁልፉ ሦስት ሰው እጅ ሲገባ አራተኛ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። መኪናውም ሰንሰለቱን ትቶ ከግንዱ ጎን ያለውን ቁጥቋጦ ጥሶ ማለፍ ይችላል። ትልቅ ድንጋይ ማንከባለል ይሻላል፤ ነገር ግን ጭነት የሚሸከሙት እነዚያው ወጣቶች ድንጋዩንም ገፍተው ያነሱታል። ቦይ ቁፋሮ ነው ጥሩ የሠራልን፣ እሱም ቦታው ሲታወቅበት። ሜዳ ላይ የተቆፈረ ቦይ ከንቱ ነው፤ መኪናው ዞሮ ይሄዳል። ቦዩ የሚቆፈረው አንድ ወገኑ ገደል፣ ሌላው ወገኑ ቋጥኝ በሆነ አንገት ላይ ነው። አፈሩም መኪናው ከሚመጣበት በተቃራኒ በኩል ይከመራል፤ አለበለዚያ በአካፋ ቦዩን መልሶ ለመሙላት የተዘጋጀ አፈር ትተውላቸው መሄድ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ቁልቁለት ላይ ዝም ብሎ የተቆፈረ ቦይ በክረምት ጎርፍ ይዞ ገደል ይሆናል። ሰደድ እሳት በየካቲትና በመጋቢት ሲነሳ ደግሞ የእኛም መኪና ማለፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የትኛው መንገድ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንደሚተው ወስኖ በካርታ ላይ ማኖር ቢሮ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ከእረኛ ጋር በእግር መዞር ይጠይቃል። ሁሉንም አቋራጭ የሚያውቀው እረኛው ነው።

የጊቤን ቆላ መጀመሪያ የጠበቀው ማን እንደሆነ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። የቆላ ዝንብ ነበር። ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ በሬውን ስለሚገድልበት፣ ገበሬው ቆላው ለም መሆኑን እያወቀ ደጋውን ሙጥኝ ብሎ ኖረ። በጊቤ ሸለቆ ሲሠሩ የነበሩ የእንስሳት ምርምር ባለሙያዎች ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በከብት ጀርባ ላይ የሚፈስ የዝንብ ማጥፊያ ሞከሩ፤ ዝንቡም በእጅጉ ቀነሰ። በሬው ዳነ፣ እርሻው ሰፋ። ማንም ገበሬ ከበሬው ጋር መኖሩን የሚጠላ የለም፤ እኔም ደስ ይለኛል። ዝንቡ ሲሄድ ግን ጠባቂነቱን ማን ይረከብ የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። በሬ የሚጎትተው እርሻ መጣ፣ ከእርሻው ጋር መንገድ መጣ፣ ከመንገዱ ጋር መኪና መጣ።

ሕጉ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። ጥፋተኛ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም እንዲቀጣ ደነገገ። በ1999 ዓ.ም. 30,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አይሱዙ በሚሊዮኖች ብር ይሸጣል፤ ባለቤቱ መቀጮውን ከነዳጅና ከጎማ ወጪ ጋር ደምሮ ሥራውን ይቀጥላል። የሚታሰረው ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው። ባለመኪናው ቤቱ ተኝቷል፤ ደላላው ስሙ መዝገብ ላይ የለም። ሾፌሩ ሲፈታ መኪናው ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። እውነቱን ለመናገር ባለመኪና የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናው ለወራት ተይዞ እንዳይቆምበት። አንድ መኪና ተይዞ በቆመበት ወቅት ደላላው ሲደውል ሌሎች ሾፌሮችም ስልክ ሳያነሱ ሲቀሩ አይቻለሁ።

ወደ አርሲና ባሌ ተራሮች ስንመለከት ሌላ ትምህርት አለ። የደጋ አጋዘን ለማደን የውጭ ሰው ለአንድ እንስሳ 15,000 ዶላር የሚከፍልበት ጊዜ ነበር፤ ከአደን ከሚገኘው ገቢም 85 በመቶው ለክልል እንዲሆን ተደንግጓል። የአደን አስጎብኚ ድርጅት በያዘው የአደን ቀበሌ ውስጥ እንግዳ መኪና ሲገባ ኪሳራው የራሱ ስለሆነ ሰው ቀጥሮ ያስጠብቃል። እኔ የውጭ አዳኝ ወደ ጊቤ ይምጣ አልልም፤ አጋዘናችን ለዚያ አይበቃም። ነገር ግን ገንዘቡ ከክልል ወርዶ ከጫካው አጠገብ ያለችው ቀበሌ ሳይደርስ ሲቀር እዚያም ቢሆን ልጆቹ መኪና መጥራት ይጀምራሉ። የሰው ሆድ አርሲም ጊቤም አንድ ነው።

የእኛው ጉራጌ ደግሞ ያለ አጥር መንገድ መጠበቅን ለማንም የሚያስተምር ሕዝብ ነው። ጀፎረን ያየ ያውቃል። ከቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ያ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ የማንም ግል አይደለም፤ ከብት ይግጥበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሽማግሌ ይፈርድበታል። ለም መሬት ነው፣ እርሻም እጅግ ጠብቧል፤ ግን ገፍቶ የሚያርሰውን ሰው መንደሩ ዝም አይለውም። የጆካ ቅጫ በሰባት ቤት ጉራጌ፣ የጎርደና ሴራ በክስታኔ ጉራጌ፣ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሰውን ወደ ልቡ የሚመልሱ ሥርዓቶች ናቸው። ቆላው ግን በአብዛኛው ከዚህ ዓይን ውጭ ቀርቷል፤ ጀፎረ የእኛ ነው፣ ጫካው «የመንግሥት» ነው። ለመኪና የሚደውለው ልጅ በሰፈሩ ሌባ አይባልም፤ ሥራ ያገኘ ልጅ ነው። ይህ ካልተለወጠ ስካውት በእጥፍ ቢቀጠር ለውጥ አይመጣም። የጆካ ሽማግሌዎች የጀፎረን ድንበር የገፋን ሰው በሚያዩበት ዓይን መኪና ጠሪውን እንዲያዩት መጠየቅ አለባቸው። ጠይቀናቸው አናውቅም፤ ስብሰባ ጠርተን አበል ከፍለን ሸኝተናቸዋል እንጂ።

በቡታጅራ በኩል ነገሩ ትንሽ ይለያል። ዘቢዳር ተራራ ከ3,700 ሜትር በላይ ነው፤ መኪና ወደ ላይ አይወጣም፤ ከእግሩ ሥር ይጠብቃል። እዚያ አገር የባህር ዛፍ አጣና በሕጋዊ መንገድ ይጫናል፤ ችግሩ ከአጣናው ሥር ምን እንዳለ አውርዶ የሚያይ ሰው መጥፋቱ ነው። አገር በቀሉ ግንድ ከታች ተኝቶ ያልፋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ለመኪናው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ ዞን ውስጥ የተጻፈ የታርጋ ቁጥር ሌላው ዞን አይደርስም። እኛ በእጅ ደብተር ላይ የጻፍናቸው ታርጋዎች ደብተሩ ሲሞላ ተቀምጠው ቀርተዋል።

ስካውቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሌሊት ብቻውን የሚቆመው፣ ደመወዙ ለልጆቹ የማይበቃው፣ የራሱን ካርድ ሞልቶ የሚደውለው እሱ ነው። የሚይዘው ወጣት ጎረቤቱ ነው፤ ነገ ለቅሶ ላይ አብሮት ይቀመጣል። በእንደዚህ ያለ ሰው ላይ «ለምን አላስቆምክም» ብሎ የሚጮህ አለቃ ካለ፣ አንድ ሌሊት አብሮት ወጥቶ ይቁም።

ክረምት መሬቱን ሳይለቅ ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው። ከእረኞች ጋር ዞሮ የሚቆረጡትን አንገቶች መለየትና አዝመራው ሳይነሳ ቦዩን መቆፈር። የታርጋውን ደብተር ወልቂጤና ቡታጅራ በየሳምንቱ እንዲለዋወጡት ማድረግ። የተከመረ ከሰል ሲገኝ አፈር አልብሶ ከመሄድ ይልቅ አጠገቡ አድፍጦ መኪናውን መጠበቅ፤ የተያዘውንም መኪና ክሱ እስኪያልቅ አለመልቀቅ። ከጫካው ሣር ማጨድና ቀፎ መስቀል ለአጎራባች ቀበሌዎች በጽሑፍ እንዲፈቀድ፣ ፈቃዱንም ሽማግሌዎቹ እንዲይዙት ማድረግ። ለስካውቱ የስልክ ካርድ። ይህን ሁሉ ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ኅዳር ግን አይጠብቅም።