ተጨማሪ መረጃ፦ የበጀት ቅነሳና የአእምሮ ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መረጃ መሠረት፣ መንግሥታት ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚያውሉት 2 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ሲቀነስ ጉዳቱ ከከተማ ርቀው በሚኖሩት ላይ ይበረታል። ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ፍላቂት እስከ አዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ለምሳሌ በአእምሮ ሕክምና ክፍሎችም ለሚታከመው የሚጥል በሽታ የሚታዘዘውን ፌኖባርቢታል እንውሰድ። ዋጋው ርካሽ ቢሆንም በየቀኑ መዋጥ አለበት። አቅርቦቱ በድንገት ከተቋረጠ በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል፤ ምድጃ ዳር የወደቀ ሰው ሊቃጠል ይችላል። ከክኒኑ የተቆጠበው ገንዘብ በቤተሰቡ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ ይካካሳል።

ልብ በሉ፦ ጸበል የሚጠመቅ ታማሚም ቢሆን ሐኪም ሳያማክር መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።