ዝገት ሲይዝና ሲለቅ

ከጆሃንስበርግ ጄፒ ሰፈር ወደ ደቡብ ሲሄዱ የሚታዩት ቢጫ ጉብታዎች ለአዲስ መጤ አበሻ ኮረብታ ይመስሉታል። እነሱ ግን በ1886 እ.ኤ.አ. ወርቅ ከተገኘ ወዲህ ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶ፣ ወርቁ ተለቅሞ የተጣለ ድንጋይ ነው። ውስጡ ዩራኒየም አለ፤ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድንም አለ። ፓይራይት አየርና ውሃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል። በ2002 ራንድፎንቴይን አካባቢ ከተተዉ ማዕድን ጉድጓዶች አሲዳማ ውሃ ገንፍሎ ወጣ።

እኔ ውሃ መርማሪ ኬሚስት ነኝ። ናሙናውን አጣርቼ ጠርሙስ ውስጥ እንዳስገባሁ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አደርግበታለሁ። ያለዚያ ብረታ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ይለጠፍና መሣሪያው ውሃው ከእውነቱ ይልቅ ንጹሕ ነው ይለኛል።

መሬት ውስጥም የሚለጥፈው አለ፤ ዋናው ዝገት ነው። ውሃው አሲዳማ ሲሆን የዝገቱ ገጽ በሃይድሮጂን አዮን ይሞላና ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ዩራኒየሙም ፖዘቲቭ ስለሆነ ይገፋፋሉ፤ ውሃው ይዞት ይሄዳል። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ወደ 6 እና 7 ሲጠጋ ዝገቱ ይይዘዋል። ከ8 ሲያልፍ ግን፣ ካርቦኔት በብዛት ካለ፣ ዩራኒየሙ ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ እንደገና ይለቃል። ሸክላ ላይ ደግሞ ነገሩ እንደ ታክሲ ወንበር ነው፦ አንዱ ሳይወርድ ሌላው አይሳፈርም፤ አንድ ካልሲየም የሁለት ሶዲየም ቦታ ይይዛል። ማዕድን አውጪዎቹ ይህንን የአዮን ልውውጥ ለራሳቸውም አውለውታል፤ ዌስት ራንድ ኮንሶሊዴትድ በ1952 ክሩገርስዶርፕ አጠገብ በአሲድ የሟሟን ዩራኒየም በሬዚን መልቀም ጀምሯል።

እያንዳንዱ መያዝና መልቀቅ የኃይል ሒሳብ አለው። ዴቪድ ዞምባክና ፍራንስዋ ሞሬል በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ የዝገትን ቁጥሮች ሰበሰቡ። ዛሬ ፍሪክ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፒኤቹን፣ ጨዎቹንና የዝገቱን መጠን ስነግረው ስንቱ ዩራኒየም ተይዞ ስንቱ እንደሚፈስ ያሰላልኛል። ሒሳቡ ግን ሁሉም ነገር እስኪረጋጋ ጊዜ አግኝቷል ብሎ ይነሳል፤ የጆበርግ የበጋ ዶፍ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ አቅጣጫውን አምናለሁ።

አሲዱን ለመግደል ኖራ ይጨመራል፤ ብረቱ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል፣ ዩራኒየሙንም ይዞ ይወርዳል። ውሃው ይጠራል። ዝቃጩ የት ይደፋ ሲባል ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ዩራኒየም እንዳለበት አይደለም፤ አጠገቡ ገና አየር ያላገኘ ፓይራይት መኖሩን ነው።