የአባባ ሰንጢ

እኛ ሰፈር ሰንጢ መያዝ የዱርዬ ምልክት ነበር። ቁማርተኛውና ሲኒማ በር ላይ ኪስ የሚያወልቀው ነው ኪሱ ውስጥ ሰንጢ የማይታጣው። ስለዚህ ዛሬ ሚስት አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ 31 አሮጌ ሰንጢዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ በማጉያ መነጽር ስመረምር እማዬ ብታማትብ አልፈርድባትም። “የሌባ ዕቃህን አንሳልኝ፣ ምሳ ይቅረብ” ትለኛለች።

ሰንጋ ተራ ነው ያደግነው። ስሙ እንደሚናገረው የሰንጋ ገበያ የነበረበት ነው፤ ዛሬ የባንክ ፎቅ ይሸጥበታል ብል ይሻላል። አባባ እዚያው ሉካንዳ ቤት ሥጋ ቆራጭ ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ በንጉሡ ጊዜ፣ ባሌ ተራሮች ላይ የደጋ አጋዘን ለማደን ለሚመጡ ፈረንጆች ምግብ አብሳይ ሆኖ ሠርቷል። ከዚያ ዘመን የቀረችው አንዲት ተጣጣፊ ሰንጢ ነበረች፤ ጫፍና ጫፏ ነሐስ፣ እጀታዋ ጠቆር ያለ እንጨት፣ 200 ግራም ገደማ የምትመዝን። “በ1963 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ አዳኝ ሲሰናበተኝ ሰጠኝ” ይለን ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ሲያርፍ ሰንጢዋ ለእኔ ደረሰች። መሰብሰብ የጀመርኩትም ለእሷ ጓደኛ ስፈልግ ነው።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ዋናው ገበያዬ ነው። ብረታ ብረት ከሚዘረጉት መሐል የዛገ ሰንጢ አይጠፋም። ሻጩ ዕድሜውን አያውቅም፤ ሰንጢው ግን ራሱ ይናገራል። ለምሳሌ ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳዮች የእንጨት እጀታ ሰንጢ፣ ስለቱ ሲዘረጋ የምትቆልፈው ቀለበት የተጨመረችለት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ቀለበት የለውም። ቀይ እጀታ ያለው የስዊስ ሰንጢም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ ቪክቶሪያ የተባለው በባለቤቱ እናት ስም ነው፤ በ1921 የማይዝግ ብረት ሲመጣ “ኢኖክስ” ታክሎበት ቪክቶሪኖክስ ሆነ። ስለዚህ ስለቱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ቤት ስትገቡም በአሸዋ ወይም በብረት ሽቦ አትፈትጉት። እኔ የመጀመሪያውን ሳስውብ ጽሑፉን ጠርጌ ከነታሪኩ ጣልኩት።

የአባባ ሰንጢ ባክ 110 ይባላል። አሜሪካኖቹ ከ1964 ጀምሮ ሲሠሩት የኖሩት የአዳኝ ሰንጢ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ የዛሬው ከጥንቱ አይለይም። ልዩነቱ ስለቱ ሥር፣ ማጠፊያው አጠገብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፋብሪካው ስምና የአገሩ ስም እንጂ ቁጥር የለውም። 110 የሚለው ቁጥር በ1972 ግድም ተጨመረ። ቀጥሎ በቁጥሩ ዙሪያ ነጥቦች መጡ። ከ1986 ወዲህ ደግሞ ለየዓመቱ የራሱ ምልክት ተሰጠው፤ በ1986 ወደ ግራ የምታመለክት የቀስት ጫፍ፣ በ1987 ወደ ቀኝ፣ በ1988 ወደ ታች፣ በ1989 ወደ ላይ፣ በ1990 የማባዣ ምልክት።

ይህን እንዳወቅሁ የአባባን ሰንጢ ከሳጥኑ አወጣሁ። የፈረንጁ ስጦታ ከሆነ፣ 1963 በእነሱ 1970 ወይም 1971 ነውና ቁጥር ሊኖረው አይገባም። መነጽሩን አስጠጋሁ። 110 ይላል። ከጎኑ የማባዣ ምልክት አለ።

ደጋግሜ አየሁት። ሃያ ዓመት በግ ሲገፍፍበት የኖረ ሰንጢ ስለቱ እንዴት እንዲህ ሰፊ ሆኖ ቀረ? ሞረድ ያልበላው ለምንድነው? ይህን ያህል ጊዜ በእጄ ይዤው ያን ሳልጠይቅ መኖሬ አሳፈረኝ። ደግሞ አባባ ዋሽቶ አያውቅም ብዬ ስምል ነው የኖርኩት።

እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። ምልክቱን አሳየኋት። መቁያውን አወረደችና “እሱ እኮ ወንድምህ የላከው ነው” አለችኝ፣ ስኳር አልቋል እንደማለት።

ታላቅ ወንድሜ በ1978 ዓ.ም. የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ። አባባ በጎንደር በኩል ወደ ሱዳን ሊያሻግረው ወሰነ። ጎንደር ድረስ የሚያደርሰው የጭነት መኪና ሾፌር የጠየቀውን ገንዘብ መሙላት ስላልተቻለ የእማዬ የጆሮ ጌጥና የፈረንጁ ሰንጢ አብረው ሄዱ። ለጎረቤት “ገጠር አጎቱ ዘንድ ነው” ተባለ። እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ ለእኔም ያው ነው የተነገረኝ።

በ1983 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ ከአሜሪካ የመጣ መንገደኛ በካልሲ የተጠቀለለ ሰንጢ አደረሰ። አባባ ያን ቀን ውሎ አድሮ ከእጁ አላወረደውም። “ከየት መጣ?” ብዬ ስጠይቀው “የፈረንጁ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ነበር” አለኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ምን እንደሚያወራ ይታወቃል። በኋላ ደርግ ሲወድቅ ለምን እንዳላረመው እማዬን ጠየቅኋት። “ለምዶት ነዋ” አለች። እኔ ግን ሾፌሩ ፊት ሰንጢውን ከኪሱ ያወጣበትን ደቂቃ መተረክ የከበደው ይመስለኛል።

ማታ ኦክላንድ ደወልኩ። ወንድም ጋሼ ሳቀ። ያኔ መኪና ማቆሚያ ይሠራ ነበር፤ ሱቅ ገብቶ ሦስት ተመሳሳይ ሰንጢ አስወጥቶ በእጁ እየመዘነ፣ የአባባን የመሰለውን ገዛ። ስለ ምልክት የሚያውቀው ነገር የለም። “የድሮው የት ደረሰ?” አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና “ደብረ ማርቆስ ላይ ሾፌሩ ብርቱካን ሲልጥበት ነው መጨረሻ ያየሁት። እኔም ከላጠው በላሁ” አለ።

በሰብሳቢ ዓይን ካያችሁት የእኔ ባክ ተራ ዕቃ ነው፤ በዚያ ዓመት ብዙ ተሠርቷል። ፈላጊ የሚያሯሩጠው ቁጥር የሌለው ነው። አሁን ግን 31ዱን ከነካርቶኑ አስቀምጬ የምፈልገው አንዱን ብቻ ነው። እንደ ወንድሜ አነጋገር፣ ከነሐሱ አጠገብ እንጨቱ ላይ አባባ በጋለ ምስማር ያተማት ትንሽ መስቀል አለችው። ስለቱ ሥር የፋብሪካው ስምና የአገሩ ስም እንጂ 110 የለውም። ስለቱም በሞረድ ብዛት የሳሳ መሆን አለበት። በጎንደር መንገድ የነበረ አባት ወይም አያት ካላችሁ፣ መሳቢያውን እስኪ ክፈቱልኝ።