አሮጌ መጋዘን የነበረበትን መሬት ከሥራ አስቀድሞ ስለ መመርመር

ለክቡራን የባሌ ሹማምንትና ባለይዞታዎች።

ከጎባ እስከ ሮቤ፣ ከዚያም እስከ ሲናና የተዘረጋው የስንዴና የገብስ አገር ከተማ እየሰፋበት ስለ ሄደ መሬቱ እጅግ ተፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ ቀድሞ የእርሻ መድኃኒት መጋዘን፣ የትራክተር ጋራዥ ወይም የነዳጅ ማደያ የነበረበት ቦታ ለትምህርት ቤት፣ ለእህል ጎተራ ወይም ለመኖሪያ ይሰጠን ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ቦታ ከመስጠት በፊት ምን ሊደረግ እንደሚገባ ለማስረዳት ይህን ጽፈናል።

በደርግ ዘመን በባሌ ሜዳ ላይ ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች ተቋቁመው ስንዴ በመኪና ይታረስና ይታጨድ ነበር። እንዲህ ያለ እርሻ ፀረ አረም፣ ፀረ ተባይ፣ ነዳጅና ዘይት ሳያከማች ሊሠራ አይችልም። የሚያፈስ በርሜልና የተደፋ የተቃጠለ ዘይት ወደ አፈር ይሰርጋል። ሠራተኛው ይሄዳል፤ ጣራው ይፈርሳል፤ መርዙ ግን በስፍራው ሊቀር ይችላል።

ነገሩ የባሌ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ ትንኝ መከላከያ ያስገባችው መድኃኒት ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር፤ ክምችቱም በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ረዳትነትና በውጭ መንግሥታት ገንዘብ 1,500 ቶን ያህል ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል ተደረገ። ነገር ግን በርሜል ሲነሣ ከሥሩ ያለው አፈር ሁልጊዜ አብሮ አይነሣም።

መድኃኒቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ገበሬው ቱፎርዲ የሚለው ፀረ አረም በማሳ ላይ በጥቂት ሳምንታት ይፈርሳል። ዲዲቲ ግን በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ በከብት ስብና በወተትም ይጠራቀማል። እርሳስና አርሴኒክ ከቶ አይፈርሱም። የደጋው ብርድም መፍረሱን ያዘገየዋል። ደግሞም በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር ዋልካ በበጋ ስለሚሰነጠቅ የፈሰሰው ሁሉ በስንጥቁ ወደ ታች ይወርዳል። በጎርፍ የታጠበው አፈር ወደ ሻያና ወደ ወይብ ወንዝ ሊደርስ ይችላል፤ ከወንዙም ሰውና ከብት ይጠጣል።

በዚህ ነገር ሁለት ስሕተት አለ። አንደኛው የተመረዘውን መሬት ንጹሕ ነው ብሎ መሥራት ነው። በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ላቭ ካናል በሚባል ሰፈር የፋብሪካ መርዝ በተቀበረበት ላይ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ስለ ተሠራ፣ በ1970 ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሕዝቡን ከቤቱ ማስነሣት ግድ ሆነበት። ሁለተኛው ንጹሑን መሬት በወሬ ብቻ ፈርቶ መተው ነው፤ በዚህም መልካም መሬት ጾም ያድራል። አሜሪካኖች ይህን ተመልክተው በ1994 ዓመተ ምሕረት ባወጡት ሕግ እንዲህ ያለ ቦታ የሚመረመርበትን ገንዘብ መንግሥት ለከተሞች እንዲሰጥ ደነገጉ። የምርመራ ጥቅም መርዝን መግለጥ ብቻ ሳይሆን፣ ያለ ምክንያት የተፈራውን ነጻ ማውጣትም ነውና።

ምርመራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። መጀመሪያ አሮጌ መዝገብ ይታያል፤ በስፍራው የሠሩ ሽማግሌዎች በርሜሉ የት ይቀመጥ፣ ዝቃጩ የት ይደፋ እንደ ነበር ይጠየቃሉ፤ ቦታውም በእግር ይታያል። ይህ ብዙ ወጪ የለበትም። የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ ከየጥልቀቱ አፈር፣ ከጕድጓዱም ውሃ ተወስዶ በላቦራቶሪ ይመረመራል። በመጨረሻ በውጤቱ መሠረት አፈሩ እንዲነሣ ወይም እንዲሸፈን፣ ወይም ቦታው ሌላ አገልግሎት እንዲሰጥ ይወሰናል፤ ለመኖሪያ የማይሆን መሬት ለተሽከርካሪ ማቆሚያ ሊሆን ይችላልና።

የላቦራቶሪው ወጪ ከብዙ ወረዳ አቅም በላይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። በቀድሞው የመንግሥት እርሻ ቦታ ግን የሠራው መንግሥት ነው፤ መሬቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ የምርመራውን ገንዘብ ከመንግሥት ግምጃ ቤት መጠየቅ ልመና ሳይሆን ዕዳን ማስታወስ ነው።

ስለ ሆነም እያንዳንዱ ሹም በግዛቱ ያሉትን አሮጌ መጋዘኖች፣ ጋራዦችና ማደያዎች በዝርዝር ይመዝግብ፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ምርመራ በራሱ ያስፈጽም፤ የሚያጠራጥሩትን ለይቶ ገንዘብ ይጠይቅ። ይህ ሳይፈጸም በእነዚህ ቦታዎች ላይ የግንባታ ፈቃድ አይስጥ፤ ባዶ የመድኃኒት በርሜልም ለውሃ መቅጃ እንዳይሸጥ ይከልክል። ባለይዞታዎችም የሚያውቁትን አይደብቁ።

ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። እነርሱ ካለፉ በኋላ ዛሬ በአንድ ቀን ጥያቄ የሚታወቀውን ለማግኘት ብዙ ጕድጓድ መቈፈርና ብዙ ገንዘብ ማውጣት ያስፈልጋል።