የሕንፃን ከፍታ የሚወስነው ገመድ

የሕንፃን ከፍታ የሚገድበው የብረቱና የኮንክሪቱ ጥንካሬ ነው የሚለው አስተያየት በሰፊው የተለመደ ቢሆንም፣ ይበልጥ እውነት የነበረው ግድግዳው ራሱ ሸክም ተሸካሚ በነበረበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በቺካጎ የተሠራው ባለ 16 ፎቁ የሞናድኖክ ሕንፃ በጡብ ግድግዳው ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ግድግዳው ከሥሩ 1.8 ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው አስፈልጓል። ሸክሙን ከግድግዳው የተረከበው የብረት አጽም፣ ማለትም እርስ በርስ የተያያዙ ምሰሶዎችና አግዳሚዎች፣ ይህን ችግር አቃለለው። ነፋስም የራሱ ፈተና አለው፤ 828 ሜትር የሚረዝመው የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቅርጹን የሚለዋውጠው፣ ነፋሱ በተስተካከለ ምት እየገፋ እንዳያወዛውዘው ነው።

ይሁን እንጂ የሚገባውን ግምት ያላገኘው ትልቁ ገደብ አሳንሰሩ፣ በተለይም አሳንሰሩ የተንጠለጠለበት የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ተሳፋሪዎቹን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ክብደት የሚሸከም በመሆኑ፣ በረዘመ ቁጥር ከጉልበቱ የሚበዛው ራሱን ለመያዝ እየዋለ ይሄዳል። ገመድ መደረብ መፍትሔ ቢመስልም፣ የተደረበውም የራሱን ክብደት ይዞ ስለሚመጣ ችግሩ ባለበት ይቀራል። በዚህ የተነሣ በብረት ገመድ የሚሠራ አሳንሰር በአንድ ጉዞ ከ500 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በቡርጅ ኸሊፋ ረጅሙን ጉዞ የሚያደርገው አሳንሰር 504 ሜትር ይወጣል። ኮኔ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቀው የካርቦን ፋይበር ገመድ ግን ከብረቱ እጅግ የቀለለ በመሆኑ፣ ይህን ርቀት እስከ 1000 ሜትር ለማድረስ ታስቦ የተሠራ ነው።

ገመዱ ቢቀልም አሳንሰሩ የሚመላለስበት ቋሚ ጉድጓድ የሚሻማው ቦታ አለ። ፎቅ ሲጨመር ተመላላሹ ስለሚበዛ ተጨማሪ አሳንሰር ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱም በታች ያሉትን ፎቆች ሁሉ በስቶ ስለሚያልፍ፣ ላይ የተገኘው ቦታ ታች ይጠፋል። የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ይህን ያቃለሉት በ44ኛውና በ78ኛው ፎቅ የመለወጫ አዳራሽ በማበጀት ነበር፤ ተሳፋሪው በፈጣኑ አሳንሰር አዳራሹ ድረስ መጥቶ ሲቀይር፣ አጭር ርቀት የሚሄዱት አሳንሰሮች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ይሠሩ ነበር። 

የአሳንሰር ገደብ የሚመለከተው ግን ሰው የሚመላለስበትን ከፍታ ብቻ ነው፤ በቡርጅ ኸሊፋ ሰው የሚገለገልበት የመጨረሻው ፎቅ የሚገኘው በ585 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው 240 ሜትር የሚያህል ሾጣጣ ጫፍ ነዋሪ የለውምና የሚያመላልሰው አሳንሰር አያስፈልገውም።