ከምረቃው ወደ ኋላ

ልጅ በዩኒቨርሲቲ ዕጩ መኮንኖችን የሚያሠለጥነው የአር ኦ ቲ ሲ ስኮላርሺፕ ሲደርሰው ቤተሰብ የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ነው፤ አይፈረድበትም። የአሜሪካ ምድር ጦር ወይ የትምህርት ክፍያውን ወይ የመኝታና የምግቡን ወጪ ይችላል፣ ለመጽሐፍ በዓመት 1,200 ዶላር ይሰጣል፣ የወር የኪስ ገንዘብም አለው። በምላሹ ተማሪው በጠቅላላው የ8 ዓመት የአገልግሎት ግዴታ ይገባል።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የትምህርት አማካሪ ነኝ። ወሬው እኔ ዘንድ የሚደርሰው 104-አር በሚባል ቅጽ ነው። ዕጩ መኮንኑ እስከ ምረቃ የሚወስዳቸውን ኮርሶች ሴሚስተር በሴሚስተር ይሞላበታል፤ እሱ፣ አማካሪውና የወታደራዊ ሳይንስ ክፍሉ ኃላፊ ይፈርሙበታል። ብዙዎች ቸኩለው ይሞሉታል። ሜጀር ለመቀየር ወይም ምረቃ ለማዘግየት ግን የዚያ ኃላፊ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ እኔ ቅጹን ከውሉ ለይቼ አላየውም።

የማስሞላው ከመጨረሻው ሴሚስተር አስጀምሬ ወደ ኋላ ነው። ወታደራዊ ሳይንሱ ቅደም ተከተል አለው፤ መሠረታዊው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ከፍተኛው በመጨረሻዎቹ ሁለት። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መካከል ያለው ሰመር ደግሞ ኬንታኪ፣ ፎርት ኖክስ ለሚካሄደው ሥልጠና የተያዘ ነው። ያኔ የቀረ ኮርስ ላሟላ ማለት አይሠራም።

ከሁሉ የምጨነቅበት ግን የመጀመሪያው ዓመት ነው። የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ ሁለተኛ ዓመት ከመጀመሩ በፊት ቢተው ዕዳ የለበትም። ከዚያ በኋላ የወጣ ግን ወይ የተከፈለለትን ይመልሳል፣ ወይ በተራ ወታደርነት እንዲያገለግል ሊጠራ ይችላል። እናቶች “መጀመሪያ ቀለል ያለውን ይውሰድ፣ ይልመድ” ይሉኛል። ለሌላ ተማሪ እሺ፤ ለዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ኢንጂነሪንግ የመረጠ ካልኩለስን፣ ነርሲንግ የመረጠች ኬሚስትሪን ገና በሩ ክፍት ሳለ ይሞክሯቸው። ሜጀሩ እንደማይሆናቸው በጊዜ ካወቁ መንገድ መቀየሩ ቀላል ነው። የባሕር ኃይሉ ስኮላርሺፕ እንዲያውም ምርጫ አይሰጥም፤ ታሪክ የሚያጠናም ቢሆን ሁለት ሴሚስተር ካልኩለስ እስከ ሁለተኛው ዓመት፣ ሁለት ሴሚስተር ፊዚክስ እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ማጠናቀቅ አለበት። ከዚህ ነጻ የሚሆነው ማሪን ኮርን ወይም ነርሲንግን የመረጠ ነው።

ሌላው የማልስማማበት ልማድ፣ ንጋት ላይ የሰውነት ማጠንከሪያ ስላለ ተብሎ በልኩ 12 ክሬዲት መመዝገብ ነው። 12 የሙሉ ጊዜ ተማሪነት ወለል ስለሆነ አንዱ ኮርስ ቢከብድ ድሮፕ ማድረግ አይቻልም፤ ከዚያ በታች መውረድ ስኮላርሺፑን አደጋ ላይ ይጥላል። ለ120 ክሬዲት ምረቃም ቢሆን በየሴሚስተሩ 15 ያስፈልጋል። ወታደራዊ ሳይንሱ ወደ ዲግሪው የሚቆጠረው ባዶ የምርጫ ቦታ ካለ ነው፤ ኢንጂነሪንግ ውስጥ ያ ቦታ ጠባብ ነው።

ብዙዎቹ የእኛ ልጆች የሚጀምሩት እንደ ኖቫ ወይም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ይህ መንገድ አልተዘጋም። ሁለት ዓመት ጨርሶ ለተዘዋወረ፣ ያመለጠውን መሠረታዊ ክፍል ፎርት ኖክስ የሚሰጠው የሰመር ሥልጠና ሊተካለት ይችላል። ነገር ግን የተዘዋወሩት ክሬዲቶች ሜጀሩ ውስጥ ካልገቡ ከሁለት ዓመት በላይ ሊቀረው ነው፤ የሁለት ዓመት ስኮላርሺፕ ደግሞ የሚከፍለው ሁለት ዓመት ነው።

በዲቪ የመጣ ቤተሰብ ሌላም ሂሳብ አለበት፤ ስኮላርሺፑ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ መሠረታዊዎቹን ኮርሶች መከታተል ቢችልም ውሉን መፈረም አይችልም። ወላጁ ዜግነት ሲያገኝ አብሮት ያለው ልጅ ግሪን ካርድ ኖሮት ከ18 ዓመት በታች ከሆነ አብሮ ዜጋ ይሆናል፤ 18 ከሞላው ግን በራሱ ያመለክታል፣ አብዛኛውን ጊዜም አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ የዜግነት ማመልከቻው የሚገባበትን ወር ከኮርሶቹ ጎን በእርሳስ አስጽፋለሁ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ቅጹን ይዞ ሲመጣ ስንት እንደሚከፍሉት ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ሁለተኛ ዓመት ሳይገባ የትኞቹን ከባድ ኮርሶች እንደሚጨርስ ጠይቁት።