መንገዱ ከደረሰ በኋላ፤ ስለ ገጠር የሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎት

ስለ ገጠር መገናኛ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታሰበው የመንገድ ሥራ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ዋናው ጥረት ታላላቆቹን ከተሞች ማገናኘት ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ደግሞ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ እስከ ቀበሌ ለማድረስ የታሰበ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ነው፦ መንገዱ ከደረሰ በኋላ መኪናው ስለ ምን በየቀኑ አይመጣም?

መልሱ የሚገኘው ከባለመኪናው ሒሳብ ላይ ነው። ታሪፉ የሚታሰበው በመንገደኛና በኪሎ ሜትር ነው። የገጠር መንገደኛ ግን በየሰዓቱ አይገኝም፤ በገበያ ቀን ጧት ሁሉም ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ማታ ሁሉም ይመለሳል። ስለዚህ መኪናው አንዱን ጉዞ ሞልቶ ሌላውን ባዶውን ይሄዳል፤ ነዳጁ ግን ለሁለቱም ይቃጠላል። ኮረኮንቹም ጎማውንና ባሌስትራውን ይጨርሳል። ባለመኪናው እንግዲህ ወይ ከታሪፍ በላይ እያስከፈለ ከልክ በላይ ይጭናል፤ ወይም ወደ አስፋልቱ ይሄዳል። ቅጣቱ ብቻ ቢጠብቅ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይገፋዋል እንጂ ለመንገደኛው መኪና አያመጣለትም።

ጉዳቱ የጊዜ ብቻ አይደለም። ገበሬው የማታው መኪና እንዳያመልጠው ሲል እህሉን ነጋዴው በጠራው ዋጋ ይሸጣል። ነፍሰ ጡሯ የጤና ጣቢያ ቀጠሮዋ ገበያ በማይውልበት ቀን ከሆነ ወይ በእግሯ ትጓዛለች፤ ወይ ትቀራለች።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ነገር በገበያው ሥርዓት ውስጥ አለ እንላለን። የገበያ ቀኖች በየአገሩ ይለያያሉ፤ ለምሳሌ የሰንበቴ ገበያ እሑድ ሲሆን የባቲ ሰኞ ነው። በየወረዳው ያሉት ትንንሽ ገበያዎችም እንዲሁ ቀን ይከፋፈላሉ። ስለዚህ ለአንድ ቀበሌ ብቻ የማያዋጣ መኪና፥ ስምሪቱ የገበያዎቹን ተራ ተከትሎ ቢወጣ፥ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ያገኛል።

ገበያ ለሌለበት ቀንም ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፥ በአስፋልት መስመር የሚሠሩት የባለንብረት ማኅበራት በሳምንት የተወሰነ ቀን በተራ ወደ ገጠር መስመር እንዲወጡ በስምሪቱ ይደንገግ፤ የአስፋልቱ ትርፍ የኮረኮንቹን ጉድለት ይሸፍናል። ሁለተኛ፥ ጤና ጣቢያውና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ቀጠሯቸውን መኪናው በሚመጣበት ቀን ያድርጉ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተበታትነው የሚሄዱትን መንገደኞች ግን ለአንድ ጉዞ ይሰበስባል።

በአጭሩ፥ የገጠር መገናኛ መሻሻል መለካት ያለበት በተሠራው ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን፥ ከአንድ ቀበሌ በሳምንት ስንት ቀን በተወሰነ ሰዓትና በታሪፉ ዋጋ መሄድና መመለስ እንደሚቻል ጭምር ነው።